ቲጃኒ ተራራ ሊወጣ ሲሰናዳ

ልብስ ሰፊው ቲጃኒ ተራራ ሊወጣ ነው ሲባል ጅማ መርካቶ ውስጥ ያልሰማ ሰው አልነበረም። ለምን እንደሚወጣ የገባው ግን አንድም የለም። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ለራሱ ለቲጃኒም በደንብ አልገባውም።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ጊዜ ነው። ቲጃኒ ጅማ መርካቶ፣ አንድ የጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ተክሎ ይውላል። መለሎ፣ ወሬው ትንሽ፣ እጁ ግን ወርቅ የሆነ ሰው! እግሩ ቀኑን ሙሉ ፔዳል ይረግጣል እንጂ የትም አያደርሰውም። ቀና ባለ ቁጥር የሚያየው ደግሞ ከቡና ማሳው ማዶ ያለውን ያንን ትልቅ ተራራ ነው፤ ጠዋት ጉም ጠምጥሞ፣ ከሰዓት ለምልሞ፣ ሲመሽ ጠቁሮ። አንድ ቀን የአንዱን ነጋዴ ሱሪ እያሳጠረ፣ «ከዚያ ላይ ሆኖ ጅማን ያያት ሰው ምን ትመስለው ይሆን?» አለ። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ልቡ አልተመለሰም።

እዚያው አጠገቡ ሰዓት የሚጠግነው ፍስሐ፣ ከጎንደር መጥቶ ጅማ የቀረ ወዳጁ ነው። ቢነግረው ከመቀመጫው ዘሎ ተነሳ።

«አቦ፣ እኔም እኮ ሁሌ ሳስበው! እነዚያ ፈረንጅ አስተማሪዎች እሁድ እሁድ ቦርሳ አዝለው ይወጡ የለ? ምን አይተው ነው? እኛም እንየዋ!»

ተመካከሩ። የጭነት መኪና ሹፌሩ ጋሽ ጎሳዬ እሁድ ጠዋት ቡና ሊያመጣ በዚያ በኩል ያልፋል፤ ተራራው ሥር ያወርዳቸዋል፣ አመሻሽ ላይ ሲመለስ ያነሳቸዋል። እሁዱ ደግሞ የግድ ያ እሁድ ነው። ከዚያ በኋላ ረመዳን ይገባል፣ ረመዳን ሲገባ የኢድ ልብስ ስፌት ነው፣ ኢድ ሲያልፍ ባለ ቡናው ሁሉ እጁ ገንዘብ ገብቶ ኮት ሊያሰፋ ይሰለፋል። ያ እሁድ ካለፈ ቲጃኒ ከበረንዳው ንቅንቅ የሚልበት ቀን የለም።

ቲጃኒ ከአሮጌ የመኪና ሸራ ሁለት የሚታዘል ከረጢት ሰፋ፤ ማንገቻው ድርብ፣ ኪሱ በጎንና በጎን፣ አይቶ የማይመኘው የለም። ከዚያ ስንቁ መጣ። ሥጋ የሚባል እንዳይያዝ ሳይነጋገሩ ተስማሙ፤ የአንዱን እርድ ሌላው አይበላም። ዳቦ፣ ቆሎ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ሰርዲን፣ አንድ ፔርሙዝ ሻይ።

«ብርድ ልብስም ይያዝ» አለ ቲጃኒ።

«ልናድር ነው እንዴ?»

«ብንጠፋስ?»

«ብንጠፋማ ብርድ ልብሱ መንገድ አያሳየን!»

ብርድ ልብሱ ገባ፣ ወጣ፣ እንደገና ገባ። እዚህ ድረስ ደህና ነበር። ነገር የመጣው ሚስቱ ለጢፋ ከረጢቱን ስታይ ነው።

«የት ልትሄድ ነው?»

«ተራራው ላይ።»

«ማን አለ እዚያ?»

«ማንም የለም።»

«ምን ልታመጣ?»

«ምንም።»

«ማል ጄታ? ምን ማለትህ ነው?» አለች፤ ነገር ሲምታታባት ኦሮምኛው ይቀድማታል። «ሰው ስንቅ ቋጥሮ ማንም ወደሌለበት ሄዶ፣ ምንም ሳያመጣ ይመለሳል?»

 ቲጃኒ ጅማን ከላይ ሆኜ ላያት ነው እንዳይል፣ ምኗን? ቤቱን? ቤቱማ ይኸው ውስጡ ቆሟል። ዝም አለ። ለጢፋ ዝምታውን አየችና ፊቷ በራ።

«በቃ ገባኝ። ተወው፣ አትንገረኝ።»

የገባት ምን መሰላችሁ? ዝያራ! በተራራው በኩል፣ ጫካውን አልፎ የአንድ ትልቅ ሼህ ቀብር አለ። የጅማ ሰው ስንቅ ቋጥሮ ወደዚያ አቅጣጫ ሄደ ከተባለ ስለት ሊያገባ ነው፣ ሌላ ምን ሊሆን! ስለት ያለበት ሰው ደግሞ አያወራም። ስለዚህ ለጢፋ የባሏን ምስጢር ጠበቀችለት፤ ለጎረቤቷ ለረሺዳ ብቻ ነው የነገረችው። ረሺዳም ምስጢር ጠባቂ ናት፣ ለእህቶቿ ብቻ ነገረች።

ቅዳሜ ከሰዓት የሰፈሩ አሮጊት እማማ ዙቤይዳ ዱላቸውን ተመርኩዘው በረንዳው ላይ ወጡ። ጉልበታቸውን ካመማቸው ቆይቷል፣ ያን ያህል መንገድ አይችሉም። ከነጠላቸው ሥር በቅል የተሞላ ቅቤ አወጡ።

«ለሼሁ አድርስልኝ ልጄ። አላህ መንገድህን ያቅና።»

«እማማ፣ እኔ እኮ ዝያራ አይደለም የምሄደው።»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» አሉ እየሳቁ። «እኔም አልሰማሁም፣ አንተም አልነገርከኝ።»

እንቢ ባለ ቁጥር ይበልጥ ያምኑታል! ከእሳቸው ኋላ እጣን መጣ። እጣኑን ተከትሎ የቡና ቋጠሮ፣ ከዚያ አንዲት ቡና ለቃሚ ሴት ልጇ ከወባ ስለዳነላት እግሯ የታሰረ ነጭ ዶሮ ይዛ መጣች። ዶሮዋን እጁ ላይ አስቀምጣለት እያለቀሰች ሄደች። እንዴት ብሎ ይጥራት?

ፍስሐ ሰዓቱን ትቶ መጣ።

«ወንድሜ፣ ተራራ ልንወጣ ነው ወይስ ሰርግ ልንደግስ?»

«እኔ እንጃ። ሰጡኝ።»

«መልስላቸዋ!»

«አማና ነው፣ የሰው አደራ እንዴት ይመለሳል?»

«እንግዲያው አድርስላቸው።»

«መኪናው ከሚያወርደን ቦታ ተራራው በግራ ነው፣ ቀብሩ በቀኝ፣ ያውም ጫካ ለጫካ ግማሽ ቀን። ሁለቱ በአንድ ቀን አይሆንም።»

«ታዲያ የቱ ነው?»

ቲጃኒ ዶሮዋን አየ። ዶሮዋም አየችው። ተራራውን ቢመርጥ የሰው ስለት በልቶ ሊንሸራሸር ነው። ቀብሩን ቢመርጥ ደግሞ ተራራው አመለጠው። ዳቦውን ከከረጢቱ አውጥቶ ቅሉን አስገባ። ቅሉን አውጥቶ ዳቦውን መለሰ። ብርድ ልብሱ እንደገና ወጣ። ሲጨንቀው ሁሉንም መሬት ላይ ደርድሮ መሀሉ ቁጭ አለ።

እሁድ ጎህ ሲቀድ የጋሽ ጎሳዬ መኪና ሞተር እየተንደቀደቀ ቆሟል። ቲጃኒ ከረጢቱን አዝሎ፣ ዶሮዋን ታቅፎ መጣ። እማማ ዙቤይዳና የሰፈሩ ሴቶች ሊሸኙት ወጥተዋል። ለጢፋም አለች፣ ፊቷ በኩራት ያበራል። ዱዓ ሊያደርጉለት እጃቸውን ሲዘረጉ ቲጃኒ አላስቻለውም።

«እማማ፣ ስለት የለብኝም።»

«አይነገርማ» አሉ።

«ወላሂ የለብኝም! ወላሂ! ተራራው ላይ ወጥቼ ጅማን ላያት ነው። ሌላ ምንም አይደለም።»

የተዘረጋው እጅ ሁሉ ወረደ። ስለት ይደበቃል እንጂ በአላህ ስም በውሸት ተምሎ አይደበቅም፤ ይሄን ሁሉም ያውቃል። ለጢፋ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«ታዲያ ያኔ ስጠይቅህ ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ይገባሽ ነበር?»

«አሁንስ መች ገባኝ!»

እማማ ዙቤይዳ ዱላቸውን መሬት ላይ መታ መታ አደረጉ። የተቆጡ መስሎት ቲጃኒ አንገቱን ደፋ።

«በል ቅቤዬን አምጣ» አሉ። «አርብ የሚሄዱ አሉ፣ በእነሱ እልካለሁ። ዶሮዋንም ስጠኝ፣ ለሴትዮዋ አደርስላታለሁ። አንተ ልጅ፣ አንድ ቃል መናገር ይህን ያህል ይከብዳል?»

«ተናግሬ ነበር እኮ!»

«እንዲህ አልተናገርክም።»

ከረጢቱ ተራገፈ። የራሱ ስንቅ ብቻ ሲቀር ቲጃኒ ትከሻው ቀለለው። መኪናው ላይ ሲንጠላጠል እማማ ጠሩት።

«ልጄ፣ ላይ ስትደርስ ግን ለጉልበቴ ዱዓ አድርግልኝ።»

«እማማ፣ ሽርሽር ነው አልኩ እኮ!»

«ሽርሽር የሄደ ሰው አፉን ይዘጋል እንዴ?»

«ለኔም ልጅ!» አለች ረሺዳ። «ለኔም!» አለች ሌላዋ። ለጢፋ ግን ጠጋ ብላ በጨርቅ የጠቀለለችውን ትኩስ ቂጣ ወረወረችለት።

ቀድሞ መኪናው ላይ የወጣው ፍስሐ ወደ ጆሮው ተጠግቶ፣ «እና አሁን ምንድነው የምንሄደው፣ ሽርሽር ነው ዝያራ?» አለው።

«እኔ እንጃ» አለ ቲጃኒ፤ ቀጥሎ የመኪናውን ጣሪያ በመዳፉ መታ። «ጋሽ ጎሳዬ፣ ይንዱት! በግራ፣ በተራራው በኩል ነን!»