ወሰኑ ለዳሱ ውሃ የለመነ ጊዜ

ወሰኑን ካወቅሁት አሥራ አንድ ዓመት ይሆነኛል። ጅቡቲ ከተማ፣ ወደ ወደቡ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ አንድ የጭነት ግቢ እኔ የመኪና ወረቀት አዘጋጃለሁ፤ እሱ የመጋዘኑን ስፕሪንክለር ይጠብቃል። በጣሪያው ሥር የተዘረጉ፣ እሳት ሲነሣ ሙቀቱ ከፍቷቸው በራሳቸው ውሃ የሚረጩ ቧንቧዎች ናቸው። ድሬዳዋ ሳለ የቤት ቧንቧ ይገጥም ነበር፤ ይህን ሥራ ግን ማንም አላስተማረውም። በፈረንሳይኛ የተጻፈውን መመሪያ በመዝገበ ቃላት እየፈታ ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈር በተከራያት ክፍል ሦስት ዓመት አነበበው። ለእኔም ፈረንሳይኛ ማንበብ ያስተማረኝ እሱ ነው። ዛሬ በዚያ እንጀራ እበላለሁና ሾፌሮቹ ስሙን በክፉ ሲያነሡት ዝም ማለት ይከብደኛል።

ነገሩ የመጣው በዳሱ ነው። ከመጋዘኑ ራቅ ብሎ በብረት ምሰሶ የቆመ፣ አራት ጎኑ ክፍት የሆነ የቆርቆሮ ጥላ ነበር። ከአዲስ አበባ የሚመጡ ሾፌሮች ጭነት እስኪደርሳቸው ሦስት አራት ቀን ከሥሩ ያርፋሉ፣ ይተኛሉ። በበጋው ሙቀት ጋቢና ውስጥ መተኛት ምድጃ ውስጥ እንደ መተኛት ነው።

መመሪያው ስለ እንዲህ ያለ ዳስ ግልጽ ነው። ከሕንፃ ተነጥሎ ከቆመ፣ በማይነድ ነገር ከተሠራ፣ ከሥሩም የሚነድ ዕቃ ካልተከማቸና ሰው ካላደረበት ስፕሪንክለር አያስፈልገውም። ሲሠራ እንዲያ ነበር። እያደር ግን ሥራ አስኪያጁ ዕቃ የሚደረደርበት የእንጨት ፓሌትና ያረጀ ጎማ አስቆለለበት፤ ሾፌሮቹም ፍራሽና ቡታጋዝ አመጡ። ባለፈው ግንቦት አንድ ከሰዓት፣ ሽብሩ የሚባል ሾፌር ወጥ ሲያሞቅ እሳቱ ካርቶን ያዘ፤ ከካርቶኑ ወደ ፓሌቱ አለፈ። ወሰኑ ሮጦ በአሸዋ አጠፋው። እጁ ተቃጠለ።

“ጋሽ ወሰኑ፣ ምን ያስሮጥሃል? ወጡን ሊያበስልልን ነበር እኮ!” አለ ሽብሩ።

“ተኝተህ ቢሆን አንተን ነበር የሚያበስልህ።”

“እኔን? የአፋር በረሃ ሃያ ዓመት ጠብሶኝ መች በሰልኩ!”

ሁሉም ሳቁ። ወሰኑ አልሳቀም።

በዚያው ሳምንት ርቀቱን ለካ። ከመጋዘኑ ቧንቧ እስከ ዳሱ ሠላሳ ሁለት ሜትር፤ ለዳሱ ስምንት መርጫ። ከአሮጌ ሥራ የተረፈ ቧንቧ አለ፣ እኔው እገጥመዋለሁ ብሎ ሥራ አስኪያጁን ሦስት ጊዜ ለመነ።

“ዳሱ ክፍት ነው፤ ደንቡ አያስገድደኝም” አለው።

“ክፍትነቱ ብቻ አይበቃም ጌታዬ፤ ከሥሩ ያለውም ይታያል።”

“አንተ ቧንቧህን ጠብቅ።”

ሰኔ ላይ የመድን ድርጅቱ መርማሪ መጣ። ኢስማኤል የሚባል፣ ረጋ ብሎ የሚናገር የአገሬው ሰው ነው። ሥራ አስኪያጁ መምጣቱን ቀድሞ ስለሰማ በዋዜማው ፓሌቱንና ጎማውን ከግቢ አስወጥቷል። ጠዋት ደግሞ ፍራሹን ሁሉ ወደየጋቢናው አስገባ። ሾፌሮቹም ተባበሩት፤ ከተጠየቅን ወረቀት ልንጠብቅ ነው የምንቀመጠው እንላለን ተባባሉ። ወሰኑ ብቻ ፊቱ በርቷል።

“ዛሬ ውሃው ይመጣል። እግዚአብሔር ሰው ላከልን” አለኝ። እኔም ከልቤ አሜን አልኩ።

ኢስማኤል ምሰሶዎቹን አየ፤ ከመጋዘኑ ያለውን ርቀት ለካ። ከዚያም “ሰው ያድርበታል?” ሲል በፈረንሳይኛ ጠየቀ።

“ኧረ ማንም” አለ ሥራ አስኪያጁ።

መርማሪው ወደ ወሰኑ ዞረ። “እርስዎስ ምን ይላሉ?”

“ያድርበታል፣ ሙሲዬ ኢስማኤል። ትናንት አሥራ ዘጠኝ ሰው አድሮበታል። ፓሌትም ነበረበት። ስምንት መርጫ ይበቃዋል፤ ልኩን ጽፌዋለሁ” ብሎ ወረቀቱን ዘረጋለት።

ንግግሩ ባይገባውም ነገሩ የገባው ሽብሩ ከኋላዬ ሆኖ “ምነው አፉን ቢይዝ!” አለ።

ኢስማኤል ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አንብቦ ወሰኑን አመሰገነው። በሳምንቱ የመጣውን ሪፖርት ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ በአንድ ወር ውስጥ ወይ ስፕሪንክለር ይገጠም ወይ ዳሱ ይነሣ ይላል። ሁለተኛውን መንገድ ወሰኑም እኔም አላሰብነውም ነበር።

በሦስተኛው ቀን በያጆች መጥተው ምሰሶዎቹን ከሥር ቆረጡ። ጠዋት የጀመሩት ቀትር ላይ አለቀ። ብረቱ ሲቆረጥ እሳት ስለሚፈነጥቅ የውሃ ቱቦ ይዞ አጠገባቸው እንዲቆም የታዘዘው ወሰኑ ነው። ለዳሱ ውሃ የደረሰው ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲያ ሾፌሮቹ ከተሳቢ ሥር መተኛት ጀመሩ። ከላይ የጋለ ብረት፣ ከታች የጋለ አስፋልት፣ በመሀል ኸምሲን የሚሉት የበረሃ ነፋስ አቧራ። ሐምሌ ላይ ሽብሩ እዚያው ራሱን ስቶ ተገኘ። ሐኪም ቤት አራት ቀን ተኝቶ ተረፈ፣ ተመስገን። ወሰኑ ብርቱካን ገዝቶ ሊጠይቀው ሲሄድ አብሬው ሄድኩ።

“እንዴት ዋልክ ሽብሩ? እግዜር ይማርህ።”

“ጥላ ነበረን፣ ጋሽ ወሰኑ። ውሃ አምጣ ያለህ ማን ነው?” አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ብርቱካኑን አልነካም።

በእግራችን ስንመለስ፣ ዳግመኛ ቢጠየቅ ምን እንደሚመልስ ጠየቅሁት።

“ውሸትማ አልናገርም” አለ። “ግን ያድራሉ ወይ ብሎ ጠየቀኝ እንጂ፣ የት ይደሩ ብሎ የጠየቀኝ የለም። እኔም አልነገርኩትም። እሱ ነው የሚቆጨኝ።”

እግዚአብሔር ይህን ቁጭት ለበጎ ያደርገው ይሆናል እያልኩ እጸልያለሁ። እስካሁን ግን ሾፌሮቹ ሰላምታውን አይመልሱለትም።

ኅዳር ላይ ሁለተኛው ሪፖርት መጣ። ጉድለት አልተገኘም ይላል። ሥራ አስኪያጁ በመስታወት አስገብቶ ቢሮው ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ወሰኑ ፊት ለፊቱ ቆሞ ከላይ እስከ ታች አነበበው።

“ትክክል ነው። ስሕተት የለበትም” አለኝና ቧንቧዎቹን ሊያይ ወደ መጋዘኑ ገባ።