የተወጠረው አንሶላ

ዛሬ ጠዋት አንዲት የነርስ ተማሪ የተኛሁበትን የሐኪም ቤት አልጋ ስታነጥፍ፣ በረኪና የሚሸት አንሶላ እግሬ ላይ ተወጠረና በሐሳቤ ሰቆጣ ተመልሼ ልጃገረድ ሆንኩልሽ።

በንጉሡ ዘመን ነው። ሐኪም ቤቱ ጓሮ ባለች አንዲት ቆርቆሮ ቤት የነርስነትን ሀሁ እንማር ነበር። ሁለቱ አስተማሪዎቻችን እሳትና ጭድ ነበሩ። ዋናዋ ሲስተር፣ «ነርስ መጀመሪያ ሥርዓት ትማር፤ አልጋ ማንጠፍ ያላወቀች እጅ መርፌ አትይዝም» ትላለች። የአንሶላው እጥፋት ጣት ካስገባ ከነፍራሹ ትገለብጠው ነበር። ምክትሏ ግን የዚያው አገር፣ የዋግ ልጅ ነበረች። «የምታስተምሪያቸው ለበሽተኛው ነው ወይስ ለአልጋው?» ትላታለች፣ እኛው ፊት። እኛም ሁለት ሚስት እንዳገባ ባል፣ አንዷን ስናስደስት ሌላዋ ታኮርፋለች።

ለእኔ ግን ነገሩ ቀልድ አልነበረም። አባቴ፣ «ፈተናውን ከወደቅሽ ትመጫለሽ፤ ለትዳር የጠየቀሽ ሰው እየጠበቀ ነው» ብሎኛል። ሰውዬው የአባቴ እኩያ ነበር።

የፈተናው ቀን የደረሰኝ፣ ከአበርገሌ በቃሬዛ የመጡ አሮጊት የተኙበት አልጋ ነው። እግራቸው አብጦ ቆዳው ያብረቀርቃል። ዋናዋ ሲስተር ወረቀቷን ይዛ ግርጌ ቆማለች፤ ምክትሏ በሩ ጋ። የመስኮቱ ፀሐይ ነጩ አንሶላ ላይ አርፎ ዓይን ይወጋል። አንሶላውን ስቤ ወጥሬ ፍራሹ ሥር ሸጎጥኩት።

አሮጊቷ ቀስ ብለው፣ «ልጄ፣ አንሶላው እግሬን ተጫነኝ፤ ትንሽ ላላ አድርጊልኝ» አሉ።

እጄ እጥፋቱ ላይ ቀረ። ብፈታው ያ ሰውዬ አለ፤ ባልፈታው ይህ እግር። ምክትሏን አየኋት፤ እሷም ታየኛለች። መውጫ አጣሁ። አሮጊቷ ፊቴን አይተው ነው መሰለኝ፣

«ተይው፣ ግድ የለም ልጄ» አሉ።

ተውኩት። ፈተናውንም አለፍኩ።

ዋናዋ ወደሚቀጥለው አልጋ ስትሄድ፣ ምክትሏ መጥታ እጥፋቱን ፈታችው። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። ከዚያ ወዲህ ዕድሜዬን ሙሉ ነርስ ሆኜ ስንቱን አንሶላ አላላሁ፤ በዚያ በአንዱ ግን እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ዛሬ ጠዋት አልጋዬን የምታነጥፈውን ተማሪ፣ «እግሬ ጋ ላላ አድርጊልኝ» አልኳት። እጇ እጥፋቱ ላይ ቆመ፤ ወደ በሩ አየች። አስተማሪዋ ወረቀቷን ይዛ እየገባች ነበር።

«ተይው፣ ግድ የለም ልጄ» አልኳት።