ጎማ በላው ፈንታው

መካነ ሰላም ላይ ባጃጅ የሚነዳ ሰው ቅጽል ስም ሳይወጣለት አይከርምም። አንዱ በጥሩንባው ይጠራል፣ አንዱ በስስቱ። ለዘሊካ ባል ለፈንታው የወጣለት «ጎማ በላው» የሚል ነው። ሌላው ሾፌር አንዴ ጎማ ከቀየረ ዓመቱን ይገፋል፤ የፈንታው ባጃጅ ግን ክረምት ገብቶ ሳይወጣ ጎማው ተልጦ ያርፈዋል። ጓደኞቹ መናኸሪያው በር ላይ ተራ ሲጠብቁ፣ «ፈንታው፣ በቁርስ ነው በራት የምትበላው?» ይሉታል። እሱም አብሯቸው ይስቃል። ብዙ መናገር አይወድም፤ ዝም አይነቅዝም ባይ ነው። ቢያበሽቁትም ቢያመሰግኑትም መልሱ ያው ፈገግታ ነው።

ዘሊካን ግን ነገሩ አያስቃትም ነበር። እንዴትስ ያስቃት? ባጃጁ የተገዛው በሷ ወገብ ነው።

ዘሊካ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ የገበሬ ቤት ተወልዳ፣ ፈንታውን አግብታ፣ ልጃቸው ሀዲያ ጡት እንደጣለች ነበር ሪያድ የሄደችው። የገባችበት ቤት ፎቁ ብዙ ነው። ማዳሟ ክፉ አልነበረችም፤ ክፉው ደረጃው ነው። ምንጣፍ ታች ይታጠባል፣ ጣራው ላይ ይሰጣል፣ ሲደርቅ በትከሻ ይወርዳል። አንድ ቀን ውሃ የጠጣ ምንጣፍ ተሸክማ ስትወጣ አዳለጣትና እስከ ታች ተንከባለለች። ከዚያ ወዲያ ወገቧ የሷ አልሆነም። ያጠራቀመችውን ይዛ አገሯ ስትገባ፣ ደሴ ያያት ሐኪም «ዲስክሽ ተንሸራቷል፤ ከባድ አታንሺ፣ የሚያንገጫግጭ መኪና ላይም አትውጪ» አላት። ዘሊካ ሐኪሙ ፊት ሳቀች። ከደሴ መካነ ሰላም በምን ልትገባ ኖሯል፣ በክንፍ?

ገንዘቧ ለባጃጁ ግማሽ ዋጋ በቃ፤ ግማሹ ዱቤ ሆነ። ዱቤውን የሰጠው ከተማው ውስጥ አዲስ የተከፈተው የባጃጅ ሻጭ ነው። ሻጩ ታዲያ አንድ ማሰሪያ ነበረው፤ ዱቤው እስኪያልቅ ድረስ ጎማ የሚቀየረው እሱ ዘንድ ብቻ ነው፣ የሌላ እጅ ከነካው ጋራንቲው ቀረ። የመንገድ ዳሩ ጎሚስታ በግማሽ ዋጋ የሚሠራውን፣ እሱ ከነማስቀየሪያው የአንድ ደህና ጠቦት ዋጋ ይጠይቅበታል። ባጃጅ ደግሞ እግሩ ሦስት ነው። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ትል ነበር ዘሊካ፣ ጎማ በተቀየረ ቁጥር።

እሷም ብትሆን እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። መናኸሪያው አጠገብ ሻይና ቦንቦሊኖ ትሸጣለች። ፈንታው ጠዋት ሌላ ሰው ሳይጭን እሷን ያደርሳታል፣ ከሰዓት በኋላ ይመልሳታል። ከቤታቸው እስከ መናኸሪያው ያለው መንገድ ኮብልስቶን ነው፤ እሱም ድንጋዩ ግማሹ የተነሳ፣ ግማሹ የሰጠመ። የመጀመሪያውን ሰሞን ዘሊካ ያንን መንገድ ያለፈችው ሻርፗን ነክሳ ነው። በየድንጋዩ «ያ ረቢ!» ትላለች። ፈንታው መሪውን ይዞ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ አንገቱን ይቀብራል።

ከዚያ ሕመሙ ተዋት። አንድ ጠዋት መናኸሪያው ደርሳ ስትወርድ አንዴም «ያ ረቢ» አለማለቷን አስተዋለች። በማግስቱም እንዲሁ። ወጌሻዋ እትዬ ብርሀንነሽ በቅቤ አሽተዋት ስለነበር የእሳቸው እጅ ነው አለች፤ ከሪያድ ያመጣችውን ደህናውን ሻሽ ወስዳ ሰጠቻቸው። እሳቸውም «እኔ ምን አረግሁ ልጄ፣ የላይኛው ሥራ ነው» አሉና ሻሹን እዚያው አሰሩት። ዘሊካ ቤት ገብታ፣ «ወላሂ ድኛለሁ! አልሐምዱሊላህ፣ ፈንታው፣ ድኛለሁ!» እያለች ሀዲያን ወገቧን ይዛ አዞረቻት። ከተመለሰች ጀምሮ እንዲያ ስትስቅ ያያት አልነበረም። ፈንታው አያት፣ አያትና «እሰይ» አለ። ሌላ አልጨመረም።

የዳነ ወገብ ግን ሥራ ያምረዋል። ሪያድ አብራት የኖረችው ሀጀራ እየደወለች፣ «ሸጋ ቤት አግኝቼልሻለሁ፤ ብቻ ነይ» ትላት ጀመር። ዘሊካ መጀመሪያ ሳቀችባት። ሀዲያ እናቷ ከሪያድ የተመለሰች ዕለት ስታያት ደንግጣ «እትዬ» ብላ የጠራቻት ልጅ ናት፤ ያቺ ቃል ከዘሊካ ሆድ ገና አልወጣችም። ግን ጎማው አለቀ። ተቀየረ፣ ደግሞ አለቀ። ዱቤው ወደኋላ ቀረ። ሦስተኛ ጊዜ ፈንታው የተላጠ ጎማ እያየ ራሱን ሲያክ ስታየው፣ ፓስፖርቷን ከሳጥን አውጥታ ለደላላው ሰጠችው። ለባሏ የነገረችው ከሰጠች በኋላ ነው።

«ይኸ ባጃጅ ራሱን መቻል አቅቶታል፤ እኔ እችለዋለሁ» አለችው። «ሁለት ዓመት ብቻ። ዱቤውን ዘግቼ እመጣለሁ።»

«አትሄጂም» አለ ፈንታው።

«ጎማውን በምን ልትቀይር ነው ታዲያ?»

ፈንታው ራሱን አከከ።

«ተናገር እንጂ፣ አንተ ሰው! አፍህ የተሠራው ለእህል ብቻ ነው?»

«አትሂጂብኝ፣ ዘሉ» አለ። ሀዲያ ደብተሯን ዘግታ ተነስታ ወጣች። ዘሊካም እንባዋን ዋጠችና ወደ ጓዳ ገባች።

ልትሄድ ሁለት ሳምንት ሲቀራት አንድ ነገር ከነከናት። ባሏን ከዚያ ሻጭ ጋር ትታው ልትሄድ አልወደደችም፤ የተበላሸ ጎማ እየመረጠ ይሸጥለታል የሚል ጥርጣሬ ነበራት። ፈንታው ጎማ ሊያስቀይር ሲነሳ «ዛሬ አብሬህ እሄዳለሁ» አለችና ከሻይ ቤቷ ተነስታ ባጃጁ ላይ ወጣች። ሻጩ ዘንድ ሲደርሱ ከባሏ ቀድማ ወረደች።

«የሰው ጎማ ዓመት ሲከርም የኛ ለምን ሦስት ወር አይሞላውም? እንደ ሰው አይደለም የምንከፍለው?» አለች። ድምጿ ግቢውን ሞላው።

የጎማ ሠራተኛው አሕመድኑር የሚባል ረጋ ያለ ሰው ነው። ባጃጁን በክሪክ አነሳና ያለቀውን ጎማ አውልቆ ፊቷ አስቀመጠው። «እታለም፣ ተቆጪ፣ ግን ይኸንን እይልኝ» አለ። «መሀሉን ዳሺው፤ ጥርሱ አለ አይደል? ዳርና ዳሩ ነው የተላጠው። ጎማ እንዲህ የሚያልቀው ንፋስ ሲጎድለው ነው። ሦስቱም እንዲሁ ነው፤ አምና ያወለቅሁትም እንዲሁ ነበር። ለፈንታው ነግሬዋለሁ።»

ዘሊካ ቀስ ብላ ወደ ባሏ ዞረች። ፈንታው መሬት መሬት ያያል።

«ነግሮሃል?»

«ነግሮኛል።»

«ንፋስ? ንፋስ መሙላት ሰንፈህ ነው? ልጄን ጥዬ ልሄድ የተነሳሁት በንፋስ ነው?» ሰው ፊት ባሏን አዋርዳ አታውቅም፤ ያን ቀን አዋረደችው። የበላኸውን ጎማ ምንጣፍ ተሸክሜ የምከፍለው እኔ ነኝ አለችው። ፈንታው የተላጠውን ጎማ አንስቶ ግድግዳ አስደገፈው። ሆድ ካገር ይሰፋል የሚባለው ለእንደሱ ዓይነቱ ነው።

አሕመድኑር አዲሶቹን ጎማዎች ገጥሞ የንፋሱን ቱቦ ሲያነሳ ወደ ፈንታው ቀና አለ። ዘሊካ ቀደመች።

«እስከ ልኩ ሙላው! እሱን አትየው።»

ተሞላ። ጎማው በጣት ሲመቱት ድንግ ድንግ አለ። ከፍለው ወጡ፤ ዘሊካ ከኋላ ተቀመጠች፣ ወደ ቤት አቀኑ። ፈንታው እንቁላል የጫነ ይመስል ነበር የሚነዳው። ኮብሉ ላይ ወጡ።

የመጀመሪያው ድንጋይ ወገቧን እንደ ወስፌ ወጋት። ዘሊካ መቀመጫውን ጨበጠች። ንዴት ነው አለች በልቧ፤ ንዴት ሕመም ይቀሰቅሳል። ሁለተኛው ድንጋይ ላይ እግሯ ድረስ ነዘራት። ሦስተኛው ላይ፣ ስንት ወር ሙሉ ረስታው የነበረው «ያ ረቢ!» ሳታስበው ከአፏ አመለጠ። ከፊቷ የፈንታው አንገት ትከሻው ውስጥ ሲቀበር አየች። ያን አንገት ታውቀዋለች። ሕመሙ አንድ ጠዋት በድንገት እንደተዋት አሰበች። የተዋት ወገቧ ድኖ ሳይሆን ጎማው ለስልሶ እንደሆነ ያኔ ገባት።

«አቁም» አለች።

ዳር ይዞ አቆመ። ሞተሩን አጠፋ። ፊቱን አላዞረም።

«ንፋሱን የምታስወጣው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሻርፕሽን ስትነክሺ ካየሁ ጀምሮ። ትንሽ ባስወጣለት አልኩ። አስወጣሁለት፣ ዝም አልሽ። ከዚያ ወዲያ መሙላቱን ተውኩት።»

«እትዬ ብርሀንነሽ አይደሉማ ያዳኑኝ።»

ፈንታው ራሱን በአሉታ ነቀነቀ።

«ታዲያ ድኛለሁ ብዬ ስጮህ ለምን ዝም አልከኝ?»

«ሳቅሽ» አለ። «ሀዲያን ይዘሽ እየዞርሽ ሳቅሽ። በየት አፌ አልዳንሽም ልበልሽ?»

«እሽ፣ ሪያድ ልሄድ ስልህስ? በዚህ ወገብ?»

አሁን ዞረ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። «ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ስል ደላላው ቀደመኝ። አፌ እምቢ አለኝ፣ ዘሉ። ቅድም ሙላው ስትዪው ለዚህ ነው ያልተከራከርኩሽ። መንገዱ ይንገራት አልኩ።»

ወገቧ እየነዘራት፣ ባሏን ያን ጊዜ የወደደችውን ያህል ሙሽራ ሆናም አልወደደችውም። ሰው ፊት ያለችውን አስታውሳ ደግሞ አፈረች። ጎማ በላው እየተባለ ሲሳቅበት እሱም አብሮ ሲስቅ የኖረው ለማን ኖሯል? በእንባ መሀል ስልኳን አወጣችና ሀጀራ ዘንድ ደወለች።

«ሀጀራ፣ አብሽሪ፣ ደህና ነን። ልነግርሽ ነው፤ አልመጣም። ወገቤ አልዳነም።» ያችን የመጨረሻዋን ቃል ለራሷም የነገረችው ገና ያን ጊዜ ነው። ድኛለሁ ያለችበትን ቀን ያህል የሚጣፍጥ ቀን አልነበራትምና፣ መቅበሩ ከበዳት።

ስልኳን ስትዘጋ ፈንታው ወርዶ አንዱ ጎማ ሥር ተንበርክኮ ነበር። ንፋስ መሙያውን አፍ በሚስማር ሊጫን ሲል እጁን ያዘችው።

«ተው።»

«ቤት ድረስ እንኳ ላለስልስልሽ። ነገ አስሞላዋለሁ።»

«ነገ አታስሞላውም፤ አውቅሃለሁ» አለች፣ ሳቅ ብላ። «ጎማው ይክረምልን፣ ዱቤያችን ይለቅ። ኮብሉን እኔ በእግሬ እሄደዋለሁ። ሲደክመኝ የምይዘው እንዲኖረኝ አንተ በጎኔ ንዳ።»

«በጎንሽ?»

«በእርምጃዬ ልክ።»

«ሰው ምን ይለናል?»

«የፈለገውን ይበል። ንዳ ብዬሃለሁ።»

ነዳ። ዘሊካ የባጃጁን ብረት በአንድ እጇ ይዛ በጎኑ ተራመደች፤ እሱም ማርሹን ዝቅ አድርጎ በእርምጃዋ ልክ ሄደ። ከኋላ የመጡት ባጃጆች ጥሩንባ ነፉ፣ ተሳደቡ፣ በዳር አልፈው ሄዱ። አንዱ አንገቱን አውጥቶ ምን ሆናችሁ አለ። ፈንታው አልመለሰለትም፤ ሚስቱ የምትረግጠውን ድንጋይ እያየ ነበር፤ የላላ ሲያይ «እሱን ዝለይው» ይላታል።

ሀዲያ ከሩቅ አይታቸው ከግቢው በር ላይ ሮጠች። «እማ! ባጃጁ ተበላሸ?»

«አልተበላሸም» አለች ዘሊካ። «እኔ ነኝ የተበላሸሁት። ሪያድ ግን አልሄድም፤ እዚሁ ነው የምጠገነው።»

ሀዲያ አባቷን አየች። አባቷ ራሱን ነቅንቆ «አዎ» አላት። ልጅቱ ሌላ አልጠየቀችም፤ በዚያኛው ጎን ዞራ የእናቷን ሌላ እጅ ያዘች።