ለክርስትና እናቴ የነገርኩት ቅዠት

በቀይ ሽብር ሰሞን እየቃዠሁ ቤቱን እረብሽ ነበር። እናቴ መጀመሪያ በራቱ አሳበበች፤ አምሽቼ እንዳልበላ ከለከለችኝ። ቀጥላ ተንጋልለሽ ስለምትተኚ ነው ብላ በጎኔ አስተኛችኝ። እንጦጦ ማርያም ወስዳም ጸበል አስጠመቀችኝ። ብርዱ አጥንቴ ድረስ ገባ እንጂ ቅዠቱስ ንቅንቅ አላለም።

ምክንያቱን እኔ አውቀው ነበር። አባቴ ሸማኔ ነው። ሲሠራ እግሩን የሚያስገባበትን ጉድጓድ ወደ ጎን አስፍቶ፣ የሚፈለገውን ወንድሜን እዚያ ደብቆታል። ለሰው ሁሉ ገጠር ሄደ ብለናል። የቀበሌ ጠባቂዎች አንዴ መጥተው ፍራሹን ሳይቀር ቀድደው አላገኙትም። ወንድሜ አፉን አፍኖ ሲያስል እኔ እሰማለሁ። ይህን እየሰማ ማን ደህና እንቅልፍ ይተኛል?

ቁስቋም ግድም፣ እኛ ሰፈር፣ ህልም የሚፈቱት የክርስትና እናቴ ነበሩ። ክፉ ህልም ያየ ሰው በጠዋት፣ እህል ሳይቀምስ ይነግራቸዋል፤ እሳቸውም በመልካም ይፈቱለታል።

«ሂጂ ንገሪያቸው፤ ከእሳቸው የሚደበቅ የለም» ብላ እናቴ ላከችኝ።

«ጉድጓድ ውሃ ሲሞላ፣ ወንድሜ ሲሰምጥ አያለሁ» አልኳቸው።

«የምን ጉድጓድ ነው ልጄ?»

«የአባባ፣ የሽመናው።»

«ወንድምሽ ገጠር አይደል እንዴ?»

አንገቴን ደፋሁ። ግንባሬን ሳሙኝ።

«አይዞሽ፣ ውሃ ሲሳይ ነው» አሉኝ። እውነትም ቀለለኝ፤ ያን ዕለት ሳልቃዥ አደርኩ።

በማግስቱ ጠባቂዎቹ መጡ። አልጋውንም ጣሪያውንም አላዩም፤ አባቴን ከመቀመጫው አንስተው በቀጥታ ወደ ጉድጓዱ። አንደኛው «ሴትዮዋ አልዋሸችም» ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። ወንድሜንና አባቴን ይዘዋቸው ሄዱ፤ ወንድሜ አልተመለሰም። ከዚህ በኋላ ያቺን ሴት አንቱ ማለት አይሆንልኝም።

እናቴ ለቅሶ መቀመጥ ተከልክላ በሯን ዘግታ ስታነባ፣ ያቺው ሴት መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። አብራት አለቀሰች! ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «አሁንስ ያቃዥሻል?» አለችኝ። ባንቃት ደስ ባለኝ።

«የለም፣ ደህና ነኝ» አልኩ። አባቴ ገና በእጃቸው ነበርና ሌላ ምን እላለሁ?

እስከ ዛሬ ያቃዠኛል። ሐኪሙ «ለምታምኚው ሰው ተናገሪው፣ ይቀልልሻል» ሲለኝ ሳቄ መጣ። ባሌ ቀስቅሶኝ «ምን አየሽ?» ይለኛል። አላስታውሰውም እለዋለሁ። ደግ ሰው ነው። እሷም ደግ ነበረች።