ከእትዬ ውድነሽ ፎቶ ስር የጻፍኩት

ይህን ነገር እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም። እናቴ ሳታውቀው ሞተች። ቄስ አልሰማውም፣ ሼኽም አልሰማውም። እናቴ ክርስቲያን፣ አባቴ ሙስሊም በሆኑበት ቤት ያደግኩ ሰው ነኝና ልናዘዝ ብል ሁለት በር ነበረልኝ፤ አንዱንም አላንኳኳሁም። ዛሬ የምናገረውም ልቤ ተሰብሮ እንዳይመስላችሁ። ተናድጄ ነው። የተናደድኩትም በራሴ ነው፤ ስለዚህ «አይዞህ፣ ያለፈው አልፏል» ልትሉኝ የምትፈልጉ ካላችሁ እዚሁ ላይ አቁሙ። ይህንን ማባበያ ለራሴ ስነግረው ዓመታት ኖሬአለሁ።

እኔ ነኝ የጻፍኩት። ሙዲሩ፣ ሥራ አስኪያጁ ማለት ነው፣ አዘዘ፤ እኔ ጻፍኩ። እያንዳንዷን ፊደል የመታሁት በራሴ ጣት ነው። ማንም እጄን አልጠመዘዘም፣ ማንም አላስፈራራኝም።

ካርቱም ውስጥ፣ ዴም በሚባለው ሰፈር፣ አንድ ኮምፒዩተርና አንድ ማተሚያ ያለበት ጠባብ ሱቅ ነበረኝ። ዐረብኛ ማንበብ ያቃተው ሐበሻ ሁሉ ወረቀቱን ይዞ ወደ እኔ ይመጣል፤ ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ ከሐኪም የተሰጠ ወረቀት። አነብላቸዋለሁ፣ እጽፍላቸዋለሁ። እኔ ያነበብኩት እንደ ተጻፈው ይቆጠር ነበር፤ የሚያመሳክር ሰው የለማ። ግን ለሱዳኖቹ የሐበሻዋ ልጅ ነበርኩ፣ ለሐበሾቹ ደግሞ የዐረቡ ልጅ። በማዕረግ የጠራኝ ሰው አልነበረም። ይህንን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ በምን እንደተገዛሁ እንድታውቁ ነው።

ሙዲሩ እዚያው ዴም ውስጥ የጤና አገልግሎት ኩባንያ የከፈተ ሰው ነበር። ኩባንያ የሚለው ሁለት ክፍል፣ ነጭ ሸክላ የተነጠፈበት ወለልና አንድ ረዳት ነርስ ነው። ዶክተሩ ሲመቸው ብቻ ከሰዓት በኋላ ብቅ ይላል። አንድ ቀን ሱቄ መጥቶ «ያ ኡስታዝ» አለኝ። ኡስታዝ! አስተማሪ፣ የተማረ ሰው እንደ ማለት ነው፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ብሎ የጠራኝ የለም። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። የፈለገው ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ትልቅ ማስታወቂያና በእጅ የሚታደል ወረቀት ነው፤ በዐረብኛም በአማርኛም። ርዕሱ «የቦርድ አባሎቻችን የሙያ ታሪክ»።

ቦርዱ ማን ነበር? ቤተሰቡ ነበር። የሚስቱ ወንድም የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነው፤ የሆስፒታል አስተዳደር አማካሪ አደረግኩት። አጎቱ ዕድሜውን ሙሉ የተማሪ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ የድንገተኛ ሕክምና ትራንስፖርት ኃላፊ ሆነ። አንዱ ብቻ እውነተኛ ፋርማሲስት ነበር፤ እሱም ካርቱምን ለቆ ከሄደ ቆይቷል። እየሳቅኩ ጻፍኩት። አዎ፣ እየሳቅኩ! የሰው የሕይወት ታሪክ በሁለት መስመር መፍጠር እንዲህ ቀላል መሆኑ ደስ አለኝ። በመጨረሻ ሙዲሩ አንድ ሐበሻ እንደጎደለ፣ ሰዉ የሚያምናት ሴት ብትሆን ጥሩ እንደሆነ ነገረኝ። ስሟን የጠራሁለት እኔ ነኝ። እሱ በዓይኑም አይቷት አያውቅም።

እትዬ ውድነሽ የእናቴ ጎረቤት ነበሩ። በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የወሊድ ክፍል ወለል ሲያጥቡ ነው ያረጁት። የዴም ነፍሰ ጡሮች ሁሉ ያውቋቸዋል፤ ምክንያቱም ወረቀት የሌላትን፣ ዐረብኛ የማትችለውን፣ ፖሊስ ይይዘኛል ብላ የምትንቀጠቀጠውን ሁሉ እጇን ይዘው በሆስፒታሉ በር የሚያስገቡ እሳቸው ነበሩ። ዘበኞቹ ሁሉ ያከብሯቸዋል። አንዲት ሴት «እባክዎ ቤቴ ያዋልዱኝ» ብላ ብትለምናቸው ይቆጧት ነበር። እኔ ወለል አጣቢ ነኝ፣ ያላየሁት ነገር የለም ግን የማውቀው የለም፣ ተነሽ ወደ ሐኪም ቤት ይሏታል። ክብራቸው ይኸው ነበር። የማያውቁትን አውቃለሁ ብለው አያውቁም።

ያንን ነው የሰረቅኳቸው።

ለኢቃማዎ የሚሆን ጉርድ ፎቶ ላንሳዎት አልኳቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው ቁጭ አሉ፤ መረቁኝም። ከሄዱ በኋላ በኮምፒዩተር ነጠላውን አጥፍቼ ነጭ ጋዋን አለበስኳቸው። ከስሩም ጻፍኩ፦ «ሲስተር ውድነሽ፣ የሠላሳ ዓመት ልምድ ያላቸው አዋላጅ ነርስ፣ የቦርድ አባል።» የዐረብኛውን ሙዲሩ አንብቦ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። በማግስቱ ከክሊኒኩ አንድ ጠረጴዛና የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ የሚል ስም ሰጠኝ። ለራሴም ካርድ አተምኩ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ምናልባት ሞኝነት ነው እል ነበር። ግን አላበቃም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ እትዬ ውድነሽ ሱቄ መጡ። ሰዎች ፎቶሽ ክሊኒክ ተሰቅሏል ብለዋቸው ሄደው አይተውታል። ማንበብ አይችሉም፤ አማርኛም ሆነ ዐረብኛ ፊደል አልቆጠሩም።

«ልጄ፣ ምን ብለህ ነው የጻፍክብኝ?» አሉኝ።

እውነቱን መናገር እችል ነበር። ሱቁ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «የሰፈር እናት፣ ለሰው አዛኝ ነው የሚለው» አልኳቸው። ነጩ ልብስ ምንድን ነው ሲሉኝም የማተሚያው ቀለም ነው አልኩ። አመኑኝ። ለምን አያምኑኝ? የልጃቸውን ደብዳቤ ከአገር ቤት ሲመጣ የማነብላቸው እኔ ነኝ። ደስ ብሏቸው ሄዱ። ከበሩ ሲወጡ ነጠላቸውን እንደገና ሲያስተካክሉ አየኋቸው። ያንን እያየሁ ዝም አልኩ።

ጽጌ የምትባል ልጅ ጀብራ በሚባል ሰፈር ሰው ቤት ትሠራ ነበር። ካርቱም ከገባች ዓመት አልሞላትም፤ እትዬ ውድነሽን በአካል አታውቃቸውም። የታደለው ወረቀት ግን እጇ ገብቷል፤ ማንበብም ትችላለች። ምጡ ሲጀምራት ሆስፒታል አልሄደችም። በጠዋት ረክሻ፣ አገር ቤት ባጃጅ የሚሉትን፣ ይዛ እኔ ወደ ጻፍኩለት ክሊኒክ መጣች። ሲስተር ውድነሽን ጥሩልኝ አለች። ረዳት ነርሷ በታዘዘችው መሠረት ይመጣሉ አለቻት። ጽጌ ጠበቀች። እስከ ቀትር ጠበቀች። እኔ በሚቀጥለው ክፍል ጠረጴዛዬ ላይ ነበርኩ፤ ድምፅዋን እሰማ ነበር። ማን እንደማይመጣ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ነበር? «ተነሺ፣ ሐኪም ቤት ሂጂ» ለማለት ስንት እርምጃ ነው? እኔ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ተቀመጥኩ፤ ዶክተሩ ይደርሳል፣ የእኔ ሥራ አይደለም እያልኩ። ደም ሲበዛ ነው እትዬ ውድነሽ የተጠሩት። እየሮጡ መጡ፤ ለአስተርጓሚነት የተጠሩ መስሏቸዋል። «ለምን እዚህ አስቀመጣችኋት?» ብለው ጮኹ። ጽጌን ደግፈው በረክሻ ወደ ሆስፒታል ወሰዷት። እሷ ተረፈች። ሕፃኑ አልተረፈም።

ጽጌ ስታገግም የሰፈሩ ሽማግሌዎች ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተሰበሰቡ። ሰዉ ሞልቷል። ጽጌ አላለቀሰችም። ከቦርሳዋ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣች፤ ወደ እትዬ ውድነሽ ዞራ፣ «በእርስዎ አምኜ ነው የሄድኩት» አለች። እትዬ ውድነሽ ምን እንደምትል አልገባቸውም። አንደኛው ሽማግሌ ወረቀቱን ተቀብሎ ዙሪያውን ቃኘና ለእኔ ሰጠኝ። ለማን ይስጥ? የሚነበብ ነገር ሲኖር የሚያነበው እኔ ነኝ።

አነበብኩት። የገዛ ቃሌን በሰው ሁሉ ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። «የሠላሳ ዓመት ልምድ ያላቸው አዋላጅ ነርስ።» ቀና ስል እትዬ ውድነሽ እያዩኝ ነበር። ለእኔ ሌላ ነው ያነበበልኝ ሊሉ ይችሉ ነበር፤ አላሉም። ሽማግሌው አዋላጅ ነኝ ብለሻል ወይ ሲላቸው፣ «እኔ ማንበብ አልችልም። የተጻፈው እሱ ካለ እሱ ነው» አሉ። ሰዉ አጉረመረመ። አንዲት ሴት ምራቋን ተፋች። እኔ ወረቀቱን አጥፌ መለስኩ። መለስኩና ቁጭ አልኩ!

ከዚያ በኋላ ማንም ሴት በራቸውን አላንኳኳም። ሰላምታ ተነፈጉ። በወሩ ዕቃቸውን ጭነው ዴምን ለቀው ሐጅ ዩሱፍ የሚባል ሰፈር ገቡ። እኔ ጠረጴዛዬ ላይ ቆየሁ። ሙዲሩ ማስታወቂያውን እንኳ አላወረደም፤ እኔም አውርደው አላልኩም።

ጦርነቱ መጣ፤ ሁላችንም ተበተንን። ባለፈው ወር ወደ ዴም ስመለስ ክሊኒኩን ሄጄ አየሁት። በሩ የለም፣ መስኮቱ የለም፣ ሽቦው ከግድግዳው ተመዝዞ ወጥቷል፣ የወለሉ ሸክላ እንኳ ተነቅሎ ተወስዷል። ማስታወቂያው ግን እንደ ተሰቀለ ነው። ለዘራፊም አልጠቀመም። አማካሪው፣ የትራንስፖርት ኃላፊው፣ እትዬ ውድነሽም በማያውቁት ጋዋን አቧራ ለብሰው ያዩኛል። ያን ጊዜ ነው ንዴቱ የያዘኝ። ሰፈር ሲጠፋ የእኔ ውሸት ለምን ይተርፋል?

ቀድጄ አወረድኩት። እቤቴ ገብቼ የእትዬ ውድነሽን የሙያ ታሪክ እንደገና ጻፍኩ፤ ይዤውም ሐጅ ዩሱፍ ሄድኩ። ሰው እየጠየቅኩ አገኘኋቸው። ጦርነቱን እዚያው አሳልፈውታል። በጣም አርጅተዋል፤ ድምፄን ሲሰሙ ግን አወቁኝ፣ ተቀመጥ አሉኝ። ቆሜ አነበብኩላቸው፦

«ወይዘሮ ውድነሽ፣ የወሊድ ክፍል ወለል አጣቢ። አዋላጅ ነኝ ብለው አያውቁም። ፎቷቸውን ለኢቃማ ነው ብሎ ያነሳቸው፣ ጋዋን ያለበሳቸው፣ የተጻፈውንም አዛብቶ ያነበበላቸው ይህን የጻፈው ሰው ነው። ጽጌን ሆስፒታል ያደረሷት እሳቸው ናቸው።»

«ድገመው» አሉኝ። ደገምኩት።

«የዚያን ቀን ትናገራለህ ብዬ ጠበቅኩህ» አሉ። «እናትህ ያሳደገችህ ልጅ ነህ፣ አሁን ይነሳል፣ አሁን ይናገራል እያልኩ።»

ይቅር ይበሉኝ ልል አፌን ስከፍት በእጃቸው አስቆሙኝ።

«ጽጌ ሰምታዋለች?»

አልሰማችም አልኩ። የት እንዳለች አላውቅም፤ ከጦርነቱ በኋላ አየኋት የሚል ሰው አላገኘሁም።

«ታዲያ እኔ ጋ ምን አመጣህ? እኔ እንዳላደረግኩት አውቃለሁ። ለእሷ አንብብላት።»

ይህን የጻፍኩት ለዚህ ነው። እናንተ ይቅር ብትሉኝ ምን ይፈይዳል? ልጅ የሞተባችሁ እናንተ አይደላችሁም፤ ከሰፈር የተባረራችሁም እናንተ አይደላችሁም። ሙዲሩ አዘዘኝ አልልም፤ ወጣት ነበርኩ አልልም፤ አላወቅኩም አልልም። አውቄ ጻፍኩት፣ አውቄ ዝም አልኩ።

ጽጌ፣ አንቺ ማንበብ ትችያለሽ። የዚያን ቀን በጠዋት ያመንሽው ወረቀት የእኔ ጽሑፍ ነበር። እትዬ ውድነሽ አልዋሹሽም። በሚቀጥለው ክፍል ተቀምጬ ድምፅሽን እየሰማሁ ያልተነሳሁት እኔ ነኝ።