አንድ ሰው ቀረ

ደርበው ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ በር ላይ ራዲዮ ይጠግናል። አሥር ዓመት ሙሉ የሰለቸው ውሸት አንድ ነው፤ ተራ አስከባሪው ቻላቸው ባዶ ሚኒባስ ደጃፍ ቆሞ «ቡሬ! አንድ ሰው ቀረ!» እያለ ይጮኻል። ገበሬው ሮጦ ይገባል፤ ከዚያ ሁለት ሰዓት በሙቀት ይቀቀላል።

በ2001 ዓ.ም. ደርበው አንጀቱ ቢያር ሰሌዳ ሠራ። ከዘይት ቆርቆሮ አሥራ ሦስት ቅጠል ቆርጦ ከአሥራ ሁለት እስከ ዜሮ ጻፈባቸው፤ ከአሮጌ የቴፕ ሞተር ጋር አያያዛቸው። ተሳፋሪ በሚኒባሱ በር ሥር ያለውን ጣውላ በረገጠ ቁጥር አንድ ቅጠል ቀጭ ብሎ ይገለበጥና የቀረውን ወንበር ያሳያል።

ውሸቱ የጠፋው ለአንድ ሳምንት ብቻ ነበር። በሳምንቱ ቻላቸው ራሱ ጣውላውን አሥራ አንድ ጊዜ ረገጠና «ማሽኑን እዩት! አንድ ሰው!» አለ። ዓባይነሽ የሚባሉ አሮጊት ጤፋቸውን እንደተሸከሙ ሮጠው ገቡ። ውስጥ ከዝንብ በቀር ማንም የለም።

«አንተን አምኜ እኮ ነው፣ ልጄ» አሉት ደርበውን።

የደርበው ደም ፈላ። በገዛ እጁ የሠራው ዕቃ ዋሾ ይሁን? «1» የተጻፈበትን ቅጠል ከሰሌዳው ገንጥሎ ቻላቸውን አስታቀፈው።

«እንካ! ቀረ ያልኸው ሰው ይኸውልህ፤ ወንበር ስጠው!»