ለመጽሔት የተተከለ የቅሬ ድንኳን

ልጄ ግጥም ይጽፋል ሲሉኝ አልከፋኝም። ከአምባሰል ሰው ግጥም ካልወጣ ከየት ይወጣል? የከፋኝ መጽሔቱን ያየሁ ለታ ነው። ለውጥ መጣ ተብሎ ሁሉም ያሻውን መጻፍ የጀመረበት ሰሞን ነበር፤ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ባጃጅ ጀርባ ላይ ሳይቀር ግጥም ይለጠፍ ነበር። እሱና ሁለት ጓደኞቹ ማንም ሳይረዳቸው፣ ማንም ሳይለምናቸው፣ ደሴ አሳትመው አመጡ። ገለጥኩት። አንዱ ግጥም ተዘቅዝቆ ታትሟል፤ ለማንበብ እንደ ሌሊት ወፍ መንጠልጠል ያሻል። ሌላው አራት ነጥብ የሚባል አልተፈጠረበትም፤ ትንፋሽ አጥሮኝ ተውኩት። ከዚያ በየመሀሉ ባዶ ገጽ።

«ማተሚያ ቤቱ አጭበርብሮሃል» አልኩት።

ባዶው ሆን ተብሎ ነው አለኝ። ዝምታ ነው፣ አንባቢው ራሱ ይሙላው፣ ሙከራ ይባላል። እኔ ፊደል የለየሁት ያለ አስተማሪ፣ ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው። የተቀደደውን በግምት እየሞላሁ አንብቤያለሁ፤ ቀዳዳውን ግን ማንም ጥበብ ነው ብሎ አልሸጠልኝም። ይህንኑ ነገርኩት። «እንግዲያው አባ፣ አንቱም የሙከራ አንባቢ ነበሩ» ብሎ ሳቀ፤ የእህል መጋዘኔንም ግማሹን በካርቶን ሞላብኝ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ሸሸን። ስንመለስ መጋዘኑ ተዘርፏል። ማሽላው የለም፣ ሚዛኑ የለም፣ የበሩ ማጠፊያ እንኳ ተነቅሎ ሄዷል። የመጽሔቱ ካርቶኖች ብቻ እንደተቀመጡ አሉ። አንዱ ተከፍቶ፣ ታይቶ፣ ተትቷል።

«ይኸው፣ ሐያሲ መጥቶልህ ነበር» አልኩት።

አልሳቀም። ከጓደኞቹ አንደኛው ከሽሽቱ አልተመለሰም። ሞተ ያለ የለም፤ አየሁት ያለም የለም። ልጄ ሁለተኛውን እትም ለእሱ አዘጋጀ፤ እኔ ደግሞ አዲሱ ማሽላ ደርሶ መጋዘኔን ፈለግኩት። ስለዚህ ውል ገባን።

«ከቅሬያችን አንድ ሰው ይህን ነገር እስከ መጨረሻው ቁጭ ብሎ ካዳመጠልህ መጋዘኑ ያንተ ነው። ካልሆነ ወረቀትህ ይውጣ፣ ማሽላዬ ይግባ።»

ተስማማ። የምረቃ አዳራሽ ከየት ያምጣ? የቅሬውን ድንኳንና አግዳሚ ወንበር ለምኖ ከመንገዱ ዳር ተከለ። ቅሬ የምንቀባበርበት ማኅበር ነው። በእኛ አገር ሰው ያ ድንኳን ተተክሎ ካየ አያልፍም፤ ገብቶ ይቀመጣል። ዝምታን ሲመራመር የከረመው ልጄ ይህን ዘንግቶታል።

የገበያ ቀን ነበር። ወደ አርዲቦ የሚመለሱ ገበሬዎች አህያቸውን እያሰሩ አንገታቸውን ደፍተው ገቡ። ሴቶች ንፍሮ ይዘው መጡ። ከአዲስ አበባ የተጋበዘ፣ አንገቱ ላይ ሻርፕ የጠመጠመ ሐያሲ የሕዝቡን ብዛት አይቶ ፊቱ በራ። አንድ ሽማግሌ በሩ ላይ ልጄን ማን እንደሞተ ጠየቁት።

«ማንም አልሞተም፣ አባባ። መጽሔት ልናስመርቅ ነው።»

ሽማግሌው ትከሻውን ያዝ አደረጉት። «አላህ ያጥናችሁ» ብለው ገቡ።

ልጄ ቆሞ ማንበብ ጀመረ። «በሩን ክፍት ትተን ሄድን።» ከዚያ ባዶውን ገጽ ገልጦ ዝም አለ። በድንኳን ውስጥ የቆመ ሰው ተናግሮ ዝም ሲል ቀጥሎ የሚሆነውን እናውቃለን። እጅ ሁሉ ተዘረጋ። «አሚን» አለ ድንኳኑ፤ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም «አሜን» አሉ። ደነገጠ። «የገባ ሰው መብራት ያብራ።» ዝምታ። አሚን። ዝም እንዲሉለት በእጁ ቢለምን፣ ከኋላ አንዱ ጮክ እንዲል፣ ዱዓው እንደማይሰማ ነገረው። የእኔም እጅ ተዘርግቶ አገኘሁት።

አንድም ሰው አልወጣም፤ ዱዓ ሳያልቅ ከሐዘን መነሳት ነውር ነው። ሐያሲው በኪነ ጥበብና በተመልካች መካከል ያለው ግድግዳ ፈረሰ ብሎ ማስታወሻ ያዘ። ድንኳን ደግሞ ከመቼ ወዲህ ግድግዳ ኖሮት ያውቃል?

ልጄ ዝምታዬን አበላሹብኝ ብሎ አኮረፈ። አንባቢው ይሙላው ያለው ራሱ ነው፤ ሲሞሉለት ተቀየመ። ሕዝብ የሚወዱት ሕዝቡ እስኪመጣ ድረስ ነው። ቢሆንም እውነቱን ነገርኩት፤ ሰው የተቀመጠው ለሞት እንጂ ለግጥም አይደለምና ውሉ አልተሟላም። ካርቶኖቹን እንደሚያወጣ ነገረኝ።

ይህን ስንነጋገር የጠፋው ጓደኛው እናት አጠገባችን ነበሩ፤ የቅሬያችን አባል ናቸው። ልጄ መጽናኛ ፈልጎ ይሁን ይቅርታ፣ ዛሬ ሐዘን እንዳልነበረ፣ መጽሔት ብቻ እንደነበር ሊያስረዳቸው ሞከረ።

«መጽሔት መሆኑንማ አውቃለሁ፣ የልጄ አይደል?» አሉት። «ሬሳ የለ፣ መርዶ የለ፣ ድንኳን አይተከልለትም ብለውኝ ነበር። ዛሬ ተቀመጥኩለት። በል ያን ባዶው ያለበትን አንድ ስጠኝ።»

ሰጣቸው። ነጠላቸው ውስጥ አድርገው ሄዱ።

አንድ ሰው ብዬ ነበር፤ አንድ ሰው ተገኘ። ቃል ቃል ነው። ማሽላው አሁን መኝታ ቤታችን ነው፤ ባለቤቴ አልጋዋ ላይ የምትወጣው በጆንያ ተረማምዳ ነው፤ ግጥምንም እኔንም ትረግማለች። ልጄ ለሦስተኛው እትም ባዶ ገጹን ይቀንስ እንደሆነ ጠየቀኝ። አትቀንስ አልኩት። የተዘቀዘቀውን ግን አቅና።